መልስ፦ ነጥቡ ከድምፅ ብቻ አይመጣም

እርስዎ የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት በእንስሳት ጥበቃ ረገድ ነጥብ የሚሰጣቸው በምክር ቤት ድምፃቸው ብቻ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። አይደለም። አብዛኞቹ ረቂቅ ሕጎች ድምፅ ሳይሰጥባቸው ኮሚቴ ውስጥ ተቀብረው ይቀራሉ። ስለዚህ ነጥብ የሚሰጡት የእንስሳት ጥበቃ ድርጅቶች አባሉ ረቂቁን በደጋፊነት መፈረሙንና ለሕጉ ማስፈጸሚያ በጀት እንዲመደብ መጠየቁንም ይቆጥራሉ።

አንበሳና ነብር በግል ቤት ማርባትን የከለከለውን የ2022 ሕግ ይመልከቱ። የተወካዮች ምክር ቤት በ278 ለ134 ድምፅ አጸደቀው፤ እዚያ ማን ምን እንዳለ ተመዝግቧል። ሴኔቱ ግን ያለ ተቃውሞ በስምምነት ስላሳለፈው የእያንዳንዱ ሴናተር ድምፅ የለም። የሴናተሩን አቋም የሚያሳየው ፊርማው ነው።

እኔ ለአባሉ ከተሰጠው የመቶኛ ነጥብ ይልቅ የተመረጡትን ረቂቆች ዝርዝር አስቀድሜ አነባለሁ፤ ረቂቆቹን የሚመርጠው ራሱ ነጥብ ሰጪው ድርጅት ነውና።