ሁለት የኔትወርክ ገመድ መሰካት ፍጥነት ይጨምራልን?

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ ውስጥ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ እሠራለሁ። ቀረጻዎቻችንን በአንድ ቦታ ለማኖር ሁለት የኔትወርክ ፖርት ያለው ማከማቻ ገዛን። ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል ብዬ ሁለቱንም ፖርቶች በአንድ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን በሚያገናኝ ሣጥን) ላይ ሰካሁ፤ አንዱ አድራሻውን ከራውተሩ እንዲቀበል ተውኩት፣ ለሌላው 192.168.1.50 ሰጠሁት። ይሁንና ፍጥነቱ አልተለወጠም፣ ግንኙነቱም አልፎ አልፎ ይቋረጣል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ፖርት በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ይገኛል። ምን ላድርግ?
የቪዲዮ ቤት ባለቤት፣ ከደሴ

መልስ፦ በመጀመሪያ የሁለተኛውን ፖርት ገመድ ይንቀሉ። ሁለት ፖርቶች በአንድ ኔትወርክ ውስጥ የየራሳቸው አድራሻ ሲኖራቸው ማከማቻው ለሁለቱም የመጣውን ጥያቄ በአንደኛው ፖርት ብቻ ሊመልስ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ገመድ ግራ መጋባትን እንጂ ፍጥነትን አይጨምርም። ለመቋረጡ ሌላም ምክንያት እጠረጥራለሁ፤ 192.168.1.50 ራውተሩ በራሱ ከሚያድላቸው አድራሻዎች መካከል ከሆነ፣ ያንኑ ቁጥር ለአንድ እንግዳ ስልክ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል።

በ169.254 የሚጀምረው ቁጥር መሣሪያው አድራሻ የሚሰጠው ባጣ ጊዜ ለራሱ የሚያወጣው ነው። መብራት ሲመለስ ማከማቻው ከራውተሩ ቀድሞ ከተነሣ ይህ ይደርሳል። ሌላ ቦታ ቢሆን ራውተሩ ለማከማቻው አንድ አድራሻ እንዲይዝለት እመክር ነበር፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሥራ ቤት ግን አድራሻውን በማከማቻው ላይ በቋሚነት መጻፍ ይሻላል። ለምሳሌ ራውተሩ ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ያለውን የሚያድል ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ፖርት 192.168.1.20 ይስጡት፤ የሰብኔት ማስኩ (የኔትወርኩን ወሰን የሚለየው ቁጥር) 255.255.255.0፣ ጌትዌዩ (ወደ ኢንተርኔት መውጫው) እና ዲኤንኤሱ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚለውጠው) የራውተሩ አድራሻ ይሁኑ። እንደ ትሩናስ ያለ የማከማቻ ሲስተም አዲሱን ቅንብር ለ60 ሰከንድ ሞክሮ ካላጸደቁት ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በአዲሱ አድራሻ መልሰው መግባት እንዳለብዎ አይዘንጉ።

ወደ ፍጥነቱ ስንመለስ፣ አንድ የጊጋቢት ገመድ ቢበዛ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል። ላፕቶፕዎ በዋይፋይ የተገናኘ ከሆነ ግን እዚህ መጠን ላይ ላይደርስ ስለሚችል፣ ማከማቻውን ከመውቀስዎ በፊት ላፕቶፑን በገመድ ያገናኙ። ሁለቱን ፖርቶች ማጣመር ይቻላል፤ ኤልኤሲፒ የተባለው ዘዴ ግን ይህንኑ የሚደግፍ ስዊች ይፈልጋል። ቢሳካም አንድ ሰው አንድ ፋይል ሲገለብጥ ጉዞው በአንዱ ገመድ ብቻ ነው፤ የሐረጎ ቁልቁለት መንገድ ቢሰፋ ብዙ መኪና ያሳልፋል እንጂ አንዷን መኪና ከአቅሟ በላይ አያስሮጣትም። ለሦስት ሰው ወጪው የሚያዋጣ አይመስለኝም።

እኔ ብሆን ሁለተኛውን ፖርት ኤዲት ከሚደረግበት ኮምፒውተር ጋር በአንድ ገመድ በቀጥታ አገናኘው ነበር። ኮምፒውተሩ ለስዊቹ ሌላ ፖርት ወይም ዋይፋይ ሊኖረው ይገባል። ለማከማቻው 10.10.10.1፣ ለኮምፒውተሩ 10.10.10.2 ይስጡ፤ ማስኩ ያው 255.255.255.0 ሲሆን የጌትዌይ ቦታውን በሁለቱም በኩል ባዶ ይተዉት፤ ጌትዌይ ከሞሉበት ወደ ኢንተርኔት የሚሄደው ሁሉ መውጫ ወደሌለው ገመድ ሊዞር ይችላል። ኤምቲዩ የሚለውን ቁጥር (በአንድ ጊዜ የሚላክ የዳታ እሽግ ትልቁ መጠን) 1500 እንዳለ ይተዉት፤ 9000 የሚጠቅመው በመንገዱ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ ሲስማሙበት ነው፣ አንዱ ካልተስማማ ትልልቅ ፋይሎች መሃል ላይ ቆመው ይቀራሉ።

በመጨረሻም በኤዲቲንግ ኮምፒውተሩ ላይ የማከማቻውን ፎልደር በስሙ ሳይሆን በ10.10.10.1 ይክፈቱት፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ እንደ ቀድሞው በስዊቹ በኩል ሊሄድ ይችላል፣ አዲሱም ገመድ ያለ ሥራ ይቀመጣል።