ቀለሙን ያያሉ፣ አየሩን ይረሳሉ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከተጠራቀሙት ደብዳቤዎች መካከል ስለሚያፈስ ብዕርና ስለማይጽፍ እስክሪብቶ የሚጠይቁትን ለይቼ አቅርቤያለሁ። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ባይተዋወቁም አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ አየሩ አይደለም። ከችግራቸው የሚበዛው ግን ከአየሩ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ልጆቻቸው የሰጧቸው ባለቀለም ብዕር ወደ አዲስ አበባ በበረሩ ቁጥር የእጅ ቦርሳቸውን እንደሚያበላሽባቸው፣ ሲመለሱ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ እንደማያወጣ ይገልጻሉ። ለመመለሻቸው የሚሞሉት ቀለም ከአዲስ አበባ የተገዛ ስለሆነ፣ ምናልባት እሱ ወፈር ያለ ይሆን ወይ ይላሉ።

መልስ፦ ቀለሙ የለበትም። በመጀመሪያ ብዕሩ ቀለሙን እንዴት እንደሚይዝ ልብ ይበሉ። ከብረቱ ጫፍ ሥር ጥቁር የፕላስቲክ ምላስ አለ፤ መጋቢ እንበለው። በመጋቢው ላይ ቀጭን ቦይ ተፈልፍሏል፤ ቀለሙም በዚያ ቦይ የሚሳበው፣ ነጭ ጋዝ በኩራዝ ክር ውስጥ ሽቅብ በሚሳብበት ኃይል ነው። ነገር ግን ከማጠራቀሚያው አንድ ጠብታ በወጣ ቁጥር በውስጡ ለቀረው አየር ቦታው ይሰፋለትና ግፊቱ ከውጪው አየር ያንሳል፤ የውጪው አየር ደግሞ በጫፉ በኩል ቀለሙን ደግፎ ስለሚይዘው፣ ለወጣው ቀለም ምትክ የሚሆን አየር በዚያው መንገድ ካልገባ በስተቀር ሌላ ጠብታ አይከተልም። ውስጡ የሚታይ ብዕር ይዤ መስኮት አጠገብ ስጽፍ ይህን በዓይኔ ተመልክቻለሁ፤ ጥቂት መስመር እንደጻፍሁ ከመጋቢው ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ ትልና በቀለሙ መካከል ሽቅብ ትወጣለች፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው አረፋ ድረስ ሁሉም ጸጥ ይላል። ሉዊስ ዋተርማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1884 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ብዕር ቁም ነገሩ ይኸው የቀለምና የአየር ቅያሬ ነበር።

አሁን ወደ ጉዞዎ እንመለስ። ዋሽንግተን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላለች ከተማ ናት፤ በብዕርዎ ውስጥ የተዘጋው አየርም የዚያን ቦታ ግፊት ይዟል። አውሮፕላኑ ሲወጣ በመንገደኞች ክፍል ያለው አየር አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ እንዳለው አየር ይሳሳል። በዚህ ጊዜ በብዕሩ ውስጥ የተዘጋው አየር ይለጠጣል፣ ሲለጠጥም ከፊቱ ያለውን ቀለም እየገፋ ያወጣዋል። አዲስ አበባ ግን ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ እዚህ የተሞላ ብዕር በአውሮፕላን ውስጥ የሚያገኘው አየር ከለመደው እምብዛም አይለይም፤ ዋሽንግተን ሲደርስ ደግሞ የውጪው ግፊት ስለሚበረታ ቀለሙን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ለመመለሻዎ ደህና የሆነው ከተማው ነው፣ የቀለሙ ጠርሙስ አይደለም።

የሚለጠጠው አየሩ እንጂ ቀለሙ ስላልሆነ፣ ሲመጡ ብዕሩን እስከ አፉ ይሙሉት ወይም ጨርሰው ባዶ ያድርጉት፤ ግማሽ የሆነ ብዕር ከሁሉም የከፋ ነው። አውሮፕላኑ እስኪረጋ ድረስም ጫፉን ወደ ላይ አድርገው ይያዙት፤ ያን ጊዜ የሚለጠጠው አየር ቀለሙን ሳይነካ በጫፉ በኩል ይወጣል። መጋቢው ከሥሩ እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ክፍተቶች አሉት፤ ሥራቸውም ከመጠን በላይ የወጣውን ቀለም በመካከላቸው አቁረው መያዝና ግፊቱ ሲመለስ መልሰው ወደ ውስጥ መስደድ ነው። ክፍተቶቹ በደረቀ ቀለም ከተደፈኑ ግን ብዕሩ ለትንሹም ለውጥ ያፈሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ያጥቡት።

ጥያቄ፦ በሰመራ የሚሠሩ አንድ የሒሳብ ባለሙያ በየወሩ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ብዕራቸው ኪሳቸው ውስጥ እንደሚያለቅስ ጽፈዋል፤ በአውሮፕላን ስለማይመጡ ምክንያቱ ግራ ገብቷቸዋል።

መልስ፦ መኪናም ተራራ ይወጣል። ሰመራ ከ400 ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ሲደርሱ በብዕርዎ ውስጥ ያለው አየር በሩብ ያህል ለመለጠጥ ይሞክራል። የቆላው ሙቀትም የራሱን ይጨምርበታል። ከላይ የተሰጠው ምክር ለእርስዎም ይሠራል፤ ብዕሩን መኪናው ውስጥ ከፊት መስተዋቱ ሥር ፀሐይ ላይ አይተዉት።

ጥያቄ፦ ብዕር በደረት ኪስ ሲያዝ ጫፉ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?

መልስ፦ ባለቀለም ብዕር ከሆነ ወደ ላይ።

ጥያቄ፦ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የእስክሪብቶዋ ገላ መካከል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ስላገኘች «ቀለሙ በዚህ ይወጣል» ብላ በፕላስተር ደፍናዋለች። ትክክል ሠርታ እንደሆነ ትጠይቃለች።

መልስ፦ ልጄ፣ ፕላስተሩን አንሺው፤ ቀዳዳውን ማስተዋልሽ ግን በጣም አስደስቶኛል። ቤት ውስጥ ከጀሪካን ዘይት ወይም ውኃ ሲቀዳ ቡልቅ ቡልቅ እያለ የሚረብሸው፣ ፈሳሹ የሚወጣበትና አየሩ የሚገባበት መንገድ አንድ ስለሆነ ነው፤ ከላይ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጀሪካን ግን ጸጥ ብሎ ይቀዳል። ያንቺም እስክሪብቶ እንደዚሁ ነው። ቀሰሙን አውጥተሽ ብታዪው የኋላ ጫፉ ክፍት ነው፤ ቀለሙ ወደ ኋላ የማይፈሰው እንደ ማር ወፍራም ስለሆነና ቀሰሙም ቀጭን ስለሆነ ነው። ስትጽፊ ቀለሙ ወደ ታች ይሄዳል፣ በኋላው የሚተካው አየር ደግሞ በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ቀዳዳዋ ከተደፈነችና ገላው አየር የማያስገባ ከሆነ፣ ስትጽፊ ቀለሙ ወደ ኋላ ይያዝብሻል፤ ከቆላ ወደ ደጋ ስትወጪ ደግሞ ውስጥ የተዘጋው አየር ቀለሙን በጫፉ በኩል ይገፋዋል። እንዲህ ያለው ባለቀዳዳ እስክሪብቶ በፈረንሳይ በማርሴል ቢክ እ.ኤ.አ. በ1950 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ስሙ በብዙ አገር የእስክሪብቶ ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። በክዳኑ አናት ላይ የምታዪው ሌላው ቀዳዳ ግን ከቀለም ጋር ግንኙነት የለውም፤ ስለ እሱ ቀጥሎ ካለው መልስ አንብቢ።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ከደሴ የባላቸው ነጭ ሸሚዝ ላይ የፈሰሰ የእስክሪብቶ ቀለም በምን እንደሚለቅ ይጠይቃሉ። በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ፣ እስክሪብቶውን የሰባበረው የአራት ዓመት ልጃቸው እንደሆነ፣ የኋላ መድፈኛዋ ፕላስቲክ እንደጠፋች፣ ልጁም ከዚያ ቀን ወዲህ «ትንሽ ትንሽ እንደሚስል» ጠቅሰዋል።

መልስ፦ ሸሚዙ ይቆይ። ልጁን ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ይህን መልስ ሳልጠብቅ በተላከልኝ አድራሻ ለብቻው ጽፌልዎታለሁ፣ እዚህም የምደግመው ሌሎች ወላጆች እንዲያነቡት ብዬ ነው። ትንሽ ፕላስቲክ ወደ አየር ቧንቧ ከገባች በኋላ ልጁ ለጊዜው ተረጋግቶ ሊጫወትና ሊበላ ይችላል፤ ሳሉ ቀላል መሆኑ ዋስትና አይሆንም። ፕላስቲክ በተለመደው ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብለው ብቻ አይመለሱ፤ የጠፋ ነገር እንዳለ፣ ሳሉም ከዚያ ቀን እንደጀመረ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ፤ ከቤት ተመሳሳይ እስክሪብቶ ይዘው ሄደው መድፈኛዋን ያሳዩ። በጣቱ ወደ ጉሮሮው ገብቶ ለማውጣት ማንም አይሞክር።

ቢክ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ የእስክሪብቶውን ክዳን አናት የበሳው፣ አንድ ልጅ ክዳኑን ቢውጠውና በአየር ቧንቧው ቢቀረቀር ጥቂት አየር እንዲያልፍ ነው። ቀዳዳው ጊዜ ይሰጣል እንጂ አደጋውን አያስቀርም፤ ያለ ቀዳዳ የምትሠራው የኋላ መድፈኛ ደግሞ ይህም የላትም።

ስለ ሸሚዙ፦ በአልኮል የተነከረ ጨርቅ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አድርገው ይጫኑበት፣ አይፈትጉት፤ ካልለቀቀ ላውንደሪ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ አንድ የቢሮ ሠራተኛ እንቢ ያለ እስክሪብቶን በክብሪት ማሞቅ፣ በጥርስ ነክሶ መሳብና ከኋላ መንፋት ካላቸው ዘዴዎች የትኛው እንደሚሻል ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ሦስቱንም ይተዉ። የእስክሪብቶ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር የማትበልጥ፣ ተንግስተን ካርባይድ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ነገር የተሠራች ናት፤ ስትንከባለል ከውስጥ ቀለም እየቀባች ትወጣለች፣ ስትቆም ደግሞ መውጫውን ትዘጋለች። በኳሷና በማቀፊያዋ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ፀጉር ውፍረት እንኳ በጣም ያነሰ ነው። ሃንጋሪያዊው ላስሎ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1938 የባለቤትነት መብት ባስመዘገበበት ሥራው የተሳካለት፣ ወንድሙ ዲዮርጂ በኬሚስትሪ እውቀቱ ለዚህ ክፍተት የሚስማማ ቀለም ስላዘጋጀለት ነው፤ ከእነሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1888 ጆን ላውድ የተባለ አሜሪካዊ ኳስ ያለው መጻፊያ ቢያስመዘግብም፣ ያ መጻፊያ ቆዳ ላይ ምልክት ከማድረግ አልፎ ለወረቀት አልሆነም። ቀለሙ ከቀጠነ ያፈሳል፣ ከወፈረ ይደርቃል። ክብሪት ማቀፊያውን የያዘውን ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ ቀለሙንም በአንድ ጊዜ አቅጥኖ እጅዎ ላይ ያፈሰዋል። ጫፉን ለብ ባለ ውኃ ለአንድ ደቂቃ ነክረው፣ ጠርገው፣ ለስለስ ባለ ወረቀት ላይ ክብ ክብ እያደረጉ ይሞክሩት። ቀሰሙ ውስጥ ከኳሷ አጠገብ ባዶ ቦታ ከታየ ግን የገባው አየር ነው፤ ሌላ ይግዙ።

ጥያቄ፦ ተኝተው ሽቅብ ሲጽፉ እስክሪብቶው ለምን እንደሚቆም የጠየቁ አሉ።

መልስ፦ ቀለሙ ወደ ኳሷ የሚወርደው በክብደቱ ነውና፣ ሽቅብ ሲይዙት ኳሷ በቅርቧ ያለውን ቀለም ትጨርስና አየር ታስገባለች። ፖል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1965 ያስመዘገበው፣ በአፖሎ 7 ጉዞም በ1968 ወደ ሕዋ የሄደው ብዕር ይህን ያሸነፈው፣ ቀሰሙን ከኋላው ዘግቶ በታመቀ የናይትሮጅን ጋዝ ቀለሙን በመግፋት ነው። እርስዎ ግን ቀና ብለው ቢጽፉ ይበቃል።

ጥያቄ፦ በጎንደር የሚያገለግል አንድ ዲያቆን፣ አጎቱ ለብራና ጽሕፈት ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ያዘጋጁትን ጥቁር ቀለም በባለቀለም ብዕር ሞልቶ ጥቂት ቃላት እንደጻፈ ብዕሩ እንደተዘጋ ይገልጻል። ቀለሙ ተበላሽቶ ነው ወይ ይላል።

መልስ፦ ቀለሙስ ከብዕሩ የከበረ ነው። ጥፋቱ ሁለቱን ማገናኘቱ ላይ ነው። የአጎትህ ቀለም ውኃ ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ ጥላሸት ነው፤ ብራናው ላይ ሲደርቅ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ለመቶዎች ዓመታት የሚቆየውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ለባለቀለም ብዕር የሚሸጠው የተለመደው ቀለም ግን በውኃ የሟሟ ስለሆነ፣ ቢደርቅም ውኃ ሲያገኝ ተመልሶ ይፈታል። ጥላሸቱ በመጋቢው ቦይ ውስጥ ሲደርቅ አይፈታም፤ የቀለሙን መንገድ ብቻ ሳይሆን የአየሩንም መንገድ ይደፍናል፤ ለዚህ ነው ጥቂት ጽፎ የቆመው።

የመቃውን ብዕር እስቲ አንሥተህ ከአዲሱ ጋር አስተያየው። መቃውን በሰንጢ ጠርበህ ጫፉን ከመካከሉ ትሰነጥቀዋለህ፤ የብረቱም ጫፍ እንደዚሁ ከመካከሉ ተሰንጥቋል፣ ሁለቱም ወረቀት ወይም ብራና ሲነኩ ቀለሙ በስንጥቁ ተስቦ ይወርዳል። የሚለዩት ከስንጥቁ በላይ ባለው ነው። በመቃው ላይ መጋቢው የጸሐፊው እጅ ነበር፤ ከቀለም ቀንዱ ምን ያህል እንደሚነክር፣ አፉ ላይ ምን ያህል እንደሚያራግፍ፣ ከስንት ፊደል በኋላ እንደሚመለስ የሚያውቀው ያ እጅ ነው። ጫፉ ቢዘጋም እንደገና ይጠርበዋል። በባለቀለም ብዕር ውስጥ ይህን ሁሉ የሚሠራው ያ ቀጭን ቦይ ስለሆነ፣ ቦዩን በቢላ ልትጠርበው አትችልም፤ በመርፌ ልትወጋውም አትሞክር፣ አንድ ጊዜ ከሰፋ የሚገባውን አየር መመጠን ያቅተውና ሁልጊዜ ያፈሳል።

ብዕሩን ፈትተህ ጫፉንና መጋቢውን ለብ ባለ ውኃ ሌሊቱን ዘፍዝፈው፤ ጠዋት በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥርሶቹን በርዝመታቸው አቅጣጫ ቦርሸው፣ ውኃውም ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግመህ ቀይር። እንደዚህም ሆኖ ካልተከፈተ ብዕር የሚጠግን ሰው ብታገኝ አሳየው። ንጹሕ ከሆነ በኋላ የተለመደውን የብዕር ቀለም ሙላው፤ የአጎትህን ቀለም ደግሞ ወደ ቀንዱ መልሰህ በመቃ ጻፍበት።