የሥር ባክቴሪያዎች የመድኃኒት ተክልን ፈዋሽነት ይጨምራሉን?

ጥያቄ፦ የመድኃኒት ተክሎችን ሥር ጠቃሚ በሆኑ ባክቴሪያዎች ማከም እድገታቸውን እንደሚያፋጥን አንብቤአለሁ። ተክሉ ሲፋፋ የመድኃኒትነት ኃይሉ አብሮ ይጨምራል ወይስ ይሳሳል?

መልስ፦ ጥያቄዎ የምርምሩን ዋና ነጥብ ነክቷል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሎሬንዝ ሂልትነር በ1904 እ.ኤ.አ. ሪዞስፌር ብሎ በሰየመው፣ ሥርን በከበበው ስስ የአፈር ክፍል ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ከሥሩ የሚወጣውን ስኳርና አሲድ እየተመገቡ በአፈር ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ ያሟሟሉ፤ ኦክሲን የተባለውን የእድገት ሆርሞን ያመነጫሉ፤ አንዳንዶቹም ተክሉ በድርቅ ወይም በጨው ሲጨነቅ የሚያበዛውንና እድገቱን የሚገታውን ኢትሊን የተባለ ጋዝ ይቀንሳሉ።

ፈዋሽነቱ ግን ሌላ መንገድ አለው። ፈዋሽነቱን የሚሰጡት፣ አልካሎይድንና ተርፒንን የመሳሰሉት የተክሉ ኬሚካላዊ ውህዶች በአብዛኛው ተክሉ ራሱን ከተባይና ከበሽታ የሚከላከልባቸው ስለሆኑ፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ይህን መከላከያ ሲያነቃቁ የውህዶቹም መጠን ከፍ ሊል ይችላል። የወባ መድኃኒት የሆነው አርቴሚሲኒን በሚገኝበት አርቴሚሲያ አንዋ በተባለው ተክል ላይ፣ ማይኮራይዛ የተባሉት የሥር ፈንገሶች በቅጠሉ ውስጥ ያለውን የአርቴሚሲኒን ክምችት እንደሚጨምሩ ሙከራዎች አሳይተዋል። ይሁንና ቅጠሉ በዝቶ በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ ያለው ውህድ የሚያንስበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ የተክሉን ቁመት ብቻ ለክቶ ስለ መድኃኒትነቱ መናገር፣ በእኔ እምነት፣ ሕመምተኛን ሊጎዳ የሚችል ስሕተት ነው። የደረቀው ቅጠል በቤተ ሙከራ ተመዝኖ መመርመር አለበት፤ የተክሉ ዝርያ፣ የአፈሩ ዓይነትና የባክቴሪያው ዘር ሲለወጡ ውጤቱም ስለሚለወጥ፣ በችግኝ ቤት የታየው ሁሉ በማሳ ላይ ደግሞ መፈተን ይኖርበታል።