ጥብቅ ስፍራን ለምትንከባከቡ ወጣቶች፦ ዝናብ ሲዘንብ ውጡ

ውድ ወጣቶች፣

የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራን ለመንከባከብ በፈቃዳችሁ ስትመጡ ቀድሞ ከአፋችሁ የሚወጣው «ምን እንሥራ?» የሚለው ነው። እኔ ግን «አሁን የየትኛው ሥራ ወቅት ነው?» ብላችሁ እንድትጀምሩ እወዳለሁ። ወፎች እንቁላል ታቅፈው ሳለ ቁጥቋጦ መመንጠር ጎጆ ማፍረስ ነው። ዝናቡ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተተከለ ችግኝም ሥር ሳይሰድ በጋ ይደርስበታል። ሥራው ለእናንተ በሚመቸው ቅዳሜ ሳይሆን ቦታው በሚፈቅደው ወር ይሁን።

ከእግር መንገዱ ልጀምር፤ መንገዱ ሲበላሽ ጎብኚው ወደ ሣሩና ወደ ችግኙ ይገባልና። በበጋ ሁሉም መንገድ ደህና ይመስላል። ስለዚህ ዝናብ እየወረደ ዣንጥላ ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱ። ውሃው የት እንደሚገባ፣ መንገዱን ይዞ ስንት ሜትር እንደሚወርድ፣ የት እንደሚተኛ ታያላችሁ። በየቦታው ቀለም የተቀባ ችካል ትከሉ። ጥገናው የሚሠራው ዝናቡ ጋብ ብሎ፣ አፈሩ ጠፈፍ ሲል ነው። ትንሽ እርጥበት የያዘ አፈር ሲጠቀጠቅ ይያያዛል፤ ፈጽሞ የደረቀው ግን አቧራ ሆኖ በመጀመሪያው ዶፍ ይታጠባል።

የመንገዱ ወለል ወደ ቁልቁለቱ በኩል ከ3 እስከ 5 በመቶ ያዘንብል። አንድ ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ የውጪው ጠርዝ ከውስጠኛው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ያኔ ውሃው መንገዱን አቋርጦ ያልፋል እንጂ ተከትሎት አይወርድም። የመንገዱ አቀበት ደግሞ በአማካይ ከ10 በመቶ ባይበልጥ፣ በምንም ዓይነት ግን መንገዱ ካረፈበት ተዳፋት ከግማሽ ባያልፍ ይመረጣል። ተዳፋቱ 16 በመቶ ከሆነ የመንገዱ አቀበት ከ8 በመቶ አይለፍ። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ 10 ሜትር ሲባጎ ወጥራችሁ በክር ውሃ ልክ (ሲባጎው ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ) አስተካክሉ፤ በታችኛው ጫፍ ከሲባጎው እስከ መሬት ያለው ከላይኛው በ80 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ 8 በመቶ ነው። ከግማሽ ያለፈ መንገድ ላይ ውሃው ወደ ጎን መውጣቱን ይተውና መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል።

ቀድሞ የተሠራና ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ ካለ፣ አቅጣጫውን መቀየር ካልተቻለ፣ ግንድ ወይም ድንጋይ በአግድሞሽ ቀብራችሁ ውሃውን አስወጡ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ መንገዱን በ90 ዲግሪ መቁረጥ ነው፤ ውሃው እዚያ ይቆምና ደለሉን ጥሎ በላዩ ይዘላል። በ45 ዲግሪ ገደማ አጋድሙት፤ ከውፍረቱ ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ ይቀበር፤ የመውጫው አፍም ሰፊ ይሁን። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ያንን አፍ በአካፋ ጥረጉ። የሚከሽፈው ሁልጊዜ እዚያ ነው። ጭቃ በተኛበት ቦታ ላይ ደግሞ ውሃውን ሳታስወጡ ጠጠር አትድፉ። ጠጠሩ ይሰምጣል፣ ሰዉም ጭቃውን እየዞረ መንገዱን በየዓመቱ ያሰፋዋል።

መጤ ወራሪ አረምን በተመለከተ የወጣቶች ጉልበት በብዛት የሚባክነው አረሙ ከበዛበት ቦታ በመጀመር ነው። ጆአን እና አይሊን ብራድሊ የተባሉ እህትማማቾች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሲድኒ፣ አውስትራሊያ ያዳበሩት ዘዴ ተቃራኒውን ያደርጋል። ሥራው ነባሩ ዕፅዋት ደኅና ከሆነበት ይጀምርና ወደ አረሙ ይገፋል፤ አፈሩ በተቻለ መጠን አይረበሽም፤ ነባሩ ተክል ባዶውን ቦታ ሳይሞላ ወደ ሌላ አይታለፍም። እኔ ይህን ዘዴ ከማንኛውም የዘመቻ ቀን እመርጣለሁ። ሰፊ ቦታ በአንድ ቀን ራቁቱን ሲቀር ፀሐይ ያገኘው የአረም ዘር በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ይሞላዋልና።

ፓርቲኒየም የተባለው መጤ አረም ከበቀለ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ሊያብብ ይችላል፤ አንዱ ተክል ብቻ ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። በመሆኑም በዝናብ ወራት በየሦስት ሳምንቱ ዙሩ፤ አፈሩ እርጥብ ሳለ ከነሥሩ ይነቀላል። ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ላለበትም ክፉ ነው። አበባ የያዘውን መሬት ላይ አትጣሉት፤ በከረጢት ይውጣ። ላንታና (የወፍ ቆሎ) በገጀራ ብቻ ከተቆረጠ ከጉቶው በብዙ ቅርንጫፍ ያቆጠቁጣል። በዶማ የሥሩን እምብርት ማውጣት ግድ ነው። ፍሬውን ወፎች ስለሚያሰራጩ ወፍ በሚያርፍባቸው ዛፎች ሥር ቡቃያውን ፈልጉ።

የደረቀ ዛፍ «ለማስዋብ» አትቁረጡ። ግንደ ቆርቁር ይፈለፍለዋል፣ እሱ ሲለቅ ጉጉትና ሌሎች ወፎች ይገቡበታል። መንገድ ወይም መቀመጫ ላይ ሊወድቅ የሚችለው ብቻ ይነሳ፤ እሱም ቢሆን ግንዱ በዚያው ጫካ ውስጥ ይጋደም። ሰው ሠራሽ የወፍ ቤት ከሰቀላችሁ ኬሚካል ያልተቀባ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይሁን፤ ወለሉ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ ከበሩ ፊት መቆሚያ ዘንግ አታድርጉለት፤ ለአዳኝ መያዣ ይሆናል። አንዱ ጎን የሚከፈት ይሁን፤ ጫጩቶቹ ወጥተው ሲያበቁ ይጸዳል።

ችግኝ የሚተከለው ዝናቡ አፈሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ካራሰ በኋላ ነው፤ በመጀመሪያው ካፊያ አትቸኩሉ። የላስቲክ ከረጢቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ ክብ ሠርተው የተጠመጠሙ ሥሮች ይቆረጡ፤ ግንድና ሥር የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን። ከመሬት በታች ከገባ ግንዱ ይበሰብሳል፤ ከፍ ካለ ሥሩ ይደርቃል። ጉዝጓዙ (በችግኙ ዙሪያ የሚነጠፈው ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል) ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፣ ግንዱን ግን አይንካ። በሪፖርታችሁም የተተከለውን ሳይሆን ከመጀመሪያው በጋ በኋላ ቆሞ የተገኘውን ቁጥሩ።

ስለ ኩሬ አንድ ነገር ብቻ፦ ዓሣ አትጨምሩበት። ገና እግር ያላወጡትን የእንቁራሪት ልጆች ይበላል። ከሌላ እርጥብ ቦታ መጥታችሁ ከሆነም ጫማችሁን ጥረጉና አድርቁ፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስም የሚታወቀው የካይትሪድ ፈንገስ በብዙ አገር እንቁራሪቶችን ጨርሷል፤ በእርጥብ ጭቃም ሊጓዝ ይችላል።

የሥራችሁን ውጤት ለማየት አራት ወይም አምስት የፎቶ ነጥቦች ምረጡ። በእያንዳንዱ ላይ የማይነቀል ችካል ትከሉ፤ ካሜራው የሚቆምበትን ከፍታ፣ የሚመለከትበትን አቅጣጫና ፎቶው የሚነሳበትን ወር በመዝገብ ያዙ። በዓመት ሁለቴ፣ አንዱ በዝናቡ ማብቂያ፣ ሌላው በበጋው መጨረሻ ይነሳ። ፎቶ አንሺው ሲለወጥ መዝገቡን ብቻ አትስጡት፤ አብራችሁት ሂዱና እያንዳንዱ ችካል ዘንድ አቁሙት።