ሳይለቀስለት የተደገሰ ሰርግ

ተከታታይ ድራማ ለመጻፍ ለተነሣችሁ የጅማ ወጣቶች፤

ባለፈው ረቂቃችሁን ይዛችሁ ቤቴ ስትመጡ፣ «ዋናው ተዋናይ ድንገት ቢለቅ ምን እናደርጋለን?» ብላችሁኝ ነበር። በረካው ሳይደርስ ጨዋታው ወደ ሌላ ስለ ሄደ መልሱን በደብዳቤ ልኬላችኋለሁ።

በወጣትነቴ እዚሁ ጅማ በየሳምንቱ የሚቀጥል የመድረክ ድራማ እጽፍ ነበር። የአባትየውን ቦታ የያዘው ተዋናይ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድብኝ፣ ገጸ ባሕርይውን በአንድ መርዶ ገደልኩትና በሚቀጥለው ትዕይንት የልጁን ሰርግ ደገስኩ። በማግስቱ ሂርማታ ገበያ ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት አስቁመውኝ፣ «ሰውየው ሳይለቀስለት ሰርግ ደገሳችሁ?» አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ሒስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1978 እስከ 1991 የታየው የአሜሪካው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ «ዳላስ» ይህንኑ ፈተና ደጋግሞ ተፈትኗል። የቤቱን አባወራ ጆክን ይጫወት የነበረው ጂም ዴቪስ በ1981 ሲያርፍ ሌላ ተዋናይ አልተኩበትም፤ ገጸ ባሕርይው ለጊዜው ደቡብ አሜሪካ እንደሄደ ተደርጎ ቆየ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር አደጋ መሞቱ ተነገረ። ሚስቱ ኤሊ ሞቱን አምና ለመቀበል ስትታገል ተመልካቹ አብሯት አዘነ፤ የጆክም ሥዕል ከግድግዳው ሳይወርድ ቀረ።

የጆክን ልጅ ቦቢን የሚጫወተው ፓትሪክ ደፊ በ1985 ሲለቅ ግን የሆነው ሌላ ነው። ቦቢ በመኪና ተገጭቶ ሞተ፣ ቤተሰቡም አለቀሰለት፤ ተዋናዩ በዓመቱ ሊመለስ ሲስማማ፣ ሚስቱ ፓም ከእንቅልፏ ነቅታ ገላውን ሲታጠብ አገኘችውና 31 ክፍል ሙሉ የታየው ሁሉ ሕልም ነበር ተባለ። በዚያ ዓመት የተጋባው፣ የተጣላው፣ የታረቀው ሁሉ ከንቱ ቀረ። ከዚሁ ድራማ የተወለደው «ኖትስ ላንዲንግ» ደግሞ ሕልሙን ስላልተቀበለ፣ ቦቢ በአንዱ ድራማ ሕያው፣ በሌላው ሙት ሆኖ ቀጠለ። እኔ በእነዚያ ጸሐፊዎች ቦታ ብሆን ተዋናዩን በሌላ ስም፣ በሌላ ገጸ ባሕርይ እመልሰው ነበር።

በተዋናይ ላይ ተዋናይ መተካት ከዚህ ይቀላል። «ዳይናስቲ» በተባለው ሌላ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ስቲቨንን የሚጫወተው አል ኮርሊ ሲለቅ፣ ገጸ ባሕርይው በነዳጅ ማውጫ ፍንዳታ ተጎድቶ ፊቱ በቀዶ ጥገና እንደተሠራ ተደርጎ ጃክ ኮልማን ተተካ። ሰበቡ ትንሽ ያስቃል፤ ቢሆንም ተመልካቹ ካዘነላቸው ሰዎች አንዱንም አላሳጣውም።

ስለዚህ በረቂቃችሁ ያለውን ቡና ነጋዴ አባት የሚጫወተው ተዋናይ የሚለቅ ከሆነ፣ ወደፊት ያሰባችሁትን ሰርግ ግፉትና ቢያንስ ሁለት ክፍል የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ዕዳውን የሚጠይቅ ሰው ይምጣ፣ ታላቅየው ልጅ የመጋዘኑን ቁልፍ ይፈልግ፣ እናትየዋም በስህተት ለሟች ስኒ ትቅዳ። ካሻሻላችሁት በኋላ ይዛችሁት ኑ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።