ከወንበር ወንበር ስል እግሬ ማበጥ ጀመረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኑሮዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ፣ ቢሮ ቁጭ፣ ማታ የሐረጎን ዳገት ስንወጣም ቁጭ። ወደ ማታ ሁለቱም እግሮቼ ያብጡና ጫማ ይጠበኛል፣ ወገቤንም ያመኛል። ጂም ልግባ ብል ጊዜውም ብሩም የለም። እሁድ እሁድ ጦሳ ተራራን ብወጣ ይበቃኛል? የቤት ሥራስ ይቆጠራል?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ! የቤት ሥራሽ ይቆጠራል። ልብስ ስታጥቢ፣ ቤት ስትወለውዪ ትንፋሽሽ ፈጠን ካለ እንቅስቃሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ‹ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልቀጠለ አይቆጠርም› የሚለውን የድሮ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ትቶታል፣ ስለዚህ 5 ደቂቃም ብትሆን ትደመራለች።

ጦሳንም ግፊበት። ግን እሁድ ብቻውን የሰኞ እስከ ዓርቡን መቀመጥ አይሽርልሽም። ለምን መሰለሽ? ስንራመድ ባታችን እየተኮማተረ ወደ እግር የወረደውን ደም ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ለሰዓታት ቁጭ ስንል ግን ባት ሥራ ይፈታና ፈሳሹ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል። ጫማሽን የሚያጠብበው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ሰዓት ሳይሞላ ከወንበርሽ ተነሺ። ስልክ ሲደወል ቆመሽ አውሪ፣ ሰነድ ሰው ከምትልኪ ራስሽ አድርሺው። ምሳ በልተሽ 10 ደቂቃ በጥላ በኩል ዞር ዞር በዪ፣ ለደም ስኳርም ጥሩ ነው።

ማታ ደግሞ ሳይመሽ ከገባሽ ከሰፈርሽ ቀደም ብለሽ ውረጂና በእግርሽ ሂጂ። የደሴ ዳገት እኮ ነፃ ጂም ነው! እያወራሽ መሄድ ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ ልኩ እሱ ነው። በሳምንት 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገርም ያስፈልግሻል፤ በአቦልና በቶና መሃል እጅሽን ሳትደገፊ ከወንበር 10 ጊዜ ተነሺ፣ ተቀመጪ። እሱን ለወገብሽም እመክርሻለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጠዋት ስትነሺም እብጠቱ ካለ ሐኪም ይየው። አንዱ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ሂጂ። እሁድን አትጠብቂ።