ምጣዴን የገደላት ውሃው አልነበረም

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ሞቶሮ ስቲንግሬይ ገዝቻለሁ። መስታወቱን አልጌ እየወረሰው አስቸገረኝ፣ አንድ ፕሌኮ ልጨምርበት አስቤያለሁ። ችግር አለው?» አልጌ መስታወቱ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽፋን ነው፣ ፕሌኮ ደግሞ እሱን የሚግጥ ዓሣ። ሁለት መስመር ጥያቄ ናት። መልሱም «አዎ፣ አለው» ነው። እኔ ግን አራት ቀን ሙሉ ስልኩን እያነሳሁ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሥራዬ የሰው አኳሪየም፣ የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ሳጥን ማለቴ ነው፣ መንከባከብ ነበር። ባልዲና ቱቦ ተሸክሜ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በየቤቱና በየምግብ ቤቱ 24 ዓመት ዞሬያለሁ። ስቲንግሬይ ለማታውቁት፣ ጠፍጣፋና ክብ፣ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው ዓሣ ነው። አብዛኞቹ ዘመዶቹ የባሕር ናቸው። እኛ ቤት የምናኖራቸው ግን የደቡብ አሜሪካ ወንዞች ልጆች ናቸው፣ የአማዞን፣ የኦሪኖኮ፣ የፓራና።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2001 ነው። አንዲት የአገራችን ሴት ምግብ ቤት ነበራቸው፤ እትዬ ነበር የምላቸው። ከባንኮኒው ጎን ትልቅ አኳሪየም፣ ውስጡ ከሌሎች ዓሣዎች ጋር አንዲት ሞቶሮ። ጀርባዋ ቡናማ፣ ነጠብጣቧ ብርቱካንማ፣ ስፋቷ ያኔ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ምጣዴ ይሏታል፣ ምጣድም ትመስላለች። እጃቸውን ውሃ ውስጥ ሲከቱ መስታወቱን ታክካ እየተርገበገበች ትወጣና ሽሪምፑን ከመዳፋቸው ትወስዳለች። በዐቢይ ጾም ሰዉ በየዓይነቱ ሲበላ እሷ ሽሪምፕ ስትውጥ፣ «ይቺ ልጅ አስገደፈችን» እያሉ ይስቁ ነበር። (እናንተ በእጃችሁ አታብሉ። ረጅም ወረንጦ ርካሽ ነው።)

ፋሲካ ሲቃረብ እትዬ መስታወቱ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ እንዲታይ ፈለጉ። ያ ማለት በሳምንት ሁለቴ መጥቶ መፋቅ ነው። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፣ እንቅልፍ አልነበረኝም። ስለዚህ ፕሌኮ አመጣሁ። ያ አፉን መስታወት ላይ ለጥፎ አልጌ የሚግጠው ጥቁር ዓሣ።

ሳላውቅ ባደርገው ኖሮ ዛሬ ባልጻፍኩ። አውቅ ነበር። ዓሣ የምንገዛበት ሱቅ ውስጥ አንድ ብራዚላዊ ሽማግሌ ነበር። ፕሌኮ ሲያድግ አልጌ ይሰለቸዋል፣ የሌላ ዓሣ ቆዳ ላይ ያለው ልጋግ ይጥመዋል፣ ስቲንግሬይ ደግሞ ወለል ላይ ተዘርግቶ ስለሚያርፍ እንደ ትሪ ይቀርብለታል ብሎ ነግሮኛል። እኔ ግን «ይሄ ገና 12 ሴንቲ ሜትር ነው» አልኩ። ለማን እንደነገርኩት አላውቅም፣ ለራሴ መሰለኝ።

ጥቂት ወራት ምንም አልተፈጠረም። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ሳንቲም የሚያህል ነጭ ክብ ምልክት አየሁ። ጠጠር ፍቋት ነው አልኩ። ውሃ ቀየርኩ። በሳምንቱ ምልክቶቹ አራት ሆኑ። አንድ ሌሊት ከፓርኪንግ ስወጣ አላስችል አለኝ፤ የምግብ ቤቱ ቁልፍ ስለነበረኝ ገባሁ። መብራት ሳላበራ በእጅ ባትሪ አየሁ። ፕሌኮው ጀርባዋ መሃል ላይ ተለጥፏል። እሷ ልታራግፈው ትፈራገጣለች፣ እሱ ፍንክች አይልም። በእጄ ነው የነቀልኩት።

ስቲንግሬይ እንደ ሌላው ዓሣ ቅርፊት የለውም። ያ ልጋግ ነው ጋሻው፤ እሱ ከተላጠ ቁስሉ በባክቴሪያ ይመረዛል። ለሌላ ዓሣ የምትጨምረውን መድኃኒት፣ በተለይ መዳብ ያለበትን፣ ለሱ አትደፍረውም። በዘጠነኛው ቀን ጠርዟ ወደ ላይ መጠቅለል ጀመረ። በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው ያንን ሲያይ የሚመጣውን ያውቀዋል።

እትዬ «ምን ነካብኝ?» አሉኝ። «የቧንቧው ውሃ ነው እትዬ፣ ክሎሪን በዝቶበት መሰለኝ» አልኳቸው። አመኑኝ። ለቀሩት ዓሣዎች የታሸገ ውሃ በካርቶን እየገዙ ጓዳቸውን ሞሉት፤ እኔም ውሸቴ እንዳይታወቅ ያንን ውሃ አኳሪየሙ ውስጥ እየገለበጥኩ ከረምኩ። በኋላ ምግብ ቤቱን ሸጠው አገር ቤት ገቡ። ማረፋቸውን የሰማሁት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ስለ ጎረቤት ምርጫ። ስለ ውሃ ምርመራ አልነግራችሁም፣ ያንን ካላወቃችሁ ስቲንግሬይ አትግዙ። ወለሉን ለሱ ተዉለት። ከላይና ከመሃል የሚኖሩ ዓሣዎችን ፈልጉ። ሲልቨር አሮዋና ከላይ ይንሳፈፋል፣ ተወልዶ ያደገበት ወንዝም ያው ነው፤ ግን እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ይዘላልም፣ ክዳን ከሌለ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ሲልቨር ዶላር በመንጋ ጥሩ ነው። ሲቨረም ጨዋ ነው። ጂኦፋገስ አሸዋ ቢቆፍርም ጠብ አያውቅም። ፍላወርሆርን ግን በፍጹም፣ ዓይን ይነቅላል። ኦስካር እንደ አመሉ ነው፤ መልአክ የሆነም አይቻለሁ፣ ወንበዴም። ኒዮን ቴትራ ካስገባችሁ የገዛችሁት ራት ነው። ስቲንግሬይ ዓይኑ ከላይ አፉ ከታች ስለሆነ የሚበላውን አያየውም፣ በማሽተትና በኤሌክትሪክ ስሜት ነው የሚያገኘው፣ ትንሽ ዓሣ ወለል ላይ ሲያንቀላፋ ላዩ ላይ ተከድኖበት በዚያው ይውጠዋል።

የዛሬ ልጆች ላይ የማልወደው ነገር ቢኖር ቲክቶክ ላይ አንድ ገንዳ ውስጥ ስድስት ዓይነት ግዙፍ ዓሣ ሲርመሰመስ አይታችሁ ቅዳሜ ልትገዙ መውጣታችሁ ነው። ያ ቪዲዮ የተነሳበት ገንዳ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚመስል ማን አሳያችሁ? ያው እኔም በእናንተ ዕድሜ ካያችሁኝ ከዚህ አልሻልም ነበር።

ባሕር ዳር ልጅ ሆኜ ነጭ ዓሣ የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ጣና ውስጥ ግን የሌላ አገር ሰው የማያገኛቸው 15 ገደማ ዓይነቶች አሉ። አንዱ ዓሣ ያድናል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ ይለቅማል፣ አንዱ ተክል ይበላል። ምግባቸው ስለተለያየ ተቻችለው ኖሩ ብዬ ለደንበኞቼ አወራ ነበር። አንዱ ደንበኛ «ጣናና የኔ ሳጥን እኩል ናቸው እንዴ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ልክ ነበር። ሞቶሮ ሲያድግ ያለ ጅራቱ ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከቁመት ይልቅ የወለል ስፋት ነው የሚጠቅመው፤ እኔ 180 በ90 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ አልስማማም። ማሞቂያውንም ሸፍኑት፣ ላዩ ላይ ተኝቶ ይቃጠላል። ቴክሳስና ፍሎሪዳ ያላችሁ ደግሞ ተዉት፣ እዚያ ማኖሩ ክልክል ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ቤቴ ያለችው ስቲንግሬይ ጎን አንድ ፕሌኮ አለ። ዓይነቱ ሌላ ነው፣ እንጨት የሚግጠው ሮያል ፕሌኮ፣ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። አያችሁ፣ ሰው አይማርም። ሌሊት ለውሃ ስነሳ ግን ባትሪ ይዤ አያቸዋለሁ።

ልጄ፣ አንተ ፕሌኮውን አትግዛ። ከገዛኸውም ዛሬውኑ ወደ ሱቁ መልሰው። አንቀበልም ካሉህ እኔ ጋ አምጣው፣ ለብቻው የማኖርበት ገንዳ አለኝ። መስታወቱን በስፖንጅ ፈግፍገው፣ አሥር ደቂቃ ነው።